ድንክ ኖቫ ሲፈካ፦ የድምቀቱን ለውጥ በጓሮ ቴሌስኮፕ ለመከታተል

ድንክ ኖቫ በስሙ አንድ ኮከብ ይምሰል እንጂ የሁለት ኮከቦች ጉርብትና ነው። አንደኛው ነጭ ድንክ ይባላል፤ ነዳጁን ጨርሶ የተጨመቀ የኮከብ ቅሪት ሲሆን ስፋቱ ምድርን ያህላል፣ ክብደቱ ግን ወደ ፀሐይ ይጠጋል። ሁለተኛው ከፀሐይ ያነሰና ቀላ ያለ ኮከብ ነው። ሁለቱ እጅግ ተቀራርበው ስለሚዞሩ አንዱን ዙር በጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዶቹም ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ነጩ ድንክ ከጎረቤቱ ጋዝ ይስባል። የተሳበው ጋዝ በቀጥታ ወርዶ አይወድቅበትም፤ ዙሪያውን እየተሽከረከረ እንደ ሰፌድ በተዘረጋ ዲስክ ላይ ይከማቻል።

የድምቀቱ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ዲስክ ነው። በጸጥታው ጊዜ ዲስኩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጋዙ ወደ ውስጥ የሚፈሰው በዝግታ ነው፤ ከጎረቤት የሚመጣው ግን አይቋረጥም። ክምችቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በዲስኩ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ኤሌክትሮኖቹን መጣል ይጀምራል፣ የጋዙ ውስጣዊ ሰበቃ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እንደ ሰደድ እሳት ዲስኩን ያዳርሰዋል። የተጠራቀመው ጋዝ ወደ ነጩ ድንክ ሲጎርፍ ዲስኩ በሙሉ ይግላል፣ ይደምቃል። ከቀናት በኋላ ክምችቱ ሲመናመን ዲስኩ ይቀዘቅዝና መጠራቀሙ እንደገና ይጀምራል። ነገሩ የዲስኩ እንጂ የኮከቦቹ ጣጣ አይደለም የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ጃፓናዊው ዮጂ ኦሳኪ ነው፤ የሃይድሮጂኑን ድርሻ ሌሎች በኋላ አሟሉት። ተራው ኖቫ ከዚህ ይለያል። በእሱ ላይ በነጩ ድንክ ገጽ የተከማቸ ሃይድሮጂን በኑክሌር ውህደት ይፈነዳል፤ በድንክ ኖቫ ግን የሚፈነዳ ነገር የለም። በዚህ ጽሑፍ «ፍንዳታ» የሚለው ቃል ቀርቶ «ፍካት» የተባለው ለዚህ ነው። ዓመታቱም ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ድንክ ኖቫ ያገኘው እንግሊዛዊው ጆን ራስል ሃይንድ ነው። በታኅሣሥ 1855 ለንደን ውስጥ ሆኖ ሲመለከት ከዚያ በፊት ባዶ በነበረ ቦታ ላይ አንድ ኮከብ አየ፤ ኮከቡ በኋላ ዩ ጀሚኖረም ተባለ። ከሁሉም የታወቀው ኤስ ኤስ ሲግኒ የተገኘው ደግሞ በ1896 ነው። ያገኘችው በሃርቫርድ ኮሌጅ የሥነ ፈለክ ጣቢያ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎችን ትመረምር የነበረችው ሉዊዛ ዌልስ ናት።

ድምቀት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው። ጀማሪን የሚያደናግረው ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ደማቅ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ደብዛዛ መሆኑ ነው። 5 ማግኒቲዩድ ልዩነት ማለት 100 እጥፍ ብርሃን ነው። ኤስ ኤስ ሲግኒ በጸጥታው ጊዜ ወደ 12 ይጠጋል፤ ሲፈካ 8.3 ገደማ ይደርሳል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ብርሃኑ ከ30 እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

ይህን ሥራ አማተሮች የያዙት በአጋጣሚ አይደለም። የትልልቅ ቴሌስኮፖች ሰዓት ከወራት በፊት ተደልድሎ ያልቃል፤ ድንክ ኖቫ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። የኤስ ኤስ ሲግኒ ርቀት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1999 በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የወጣው ልኬት ርቀቱን ወደ 520 የብርሃን ዓመት አደረሰው። ኮከቡ ያን ያህል ከራቀ ብርሃኑ የዲስኩ ንድፈ ሐሳብ ከሚፈቅደው በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ ወይ ልኬቱ ወይ ንድፈ ሐሳቡ ስሕተት መሆን ነበረበት። ክርክሩን ለመቋጨት በሬዲዮ ቴሌስኮፖች እንደገና መለካት አስፈለገ፤ ኮከቡ ግን በሬዲዮ የሚታየው ሲፈካ ብቻ ነው። ቴሌስኮፖቹን ያስነሣቸው «ፈካ» የሚል ከየጓሮው የወጣ መልእክት ነበር። በ2013 የታተመው ውጤት ርቀቱን ወደ 370 የብርሃን ዓመት አወረደው፤ ንድፈ ሐሳቡም ተረፈ።

ኮከብ መምረጥ

የመጀመሪያው እርምጃ ለመሣሪያውና ለወቅቱ የሚስማማ ኮከብ መምረጥ ነው። ለጀማሪ ከኤስ ኤስ ሲግኒ የተሻለ የለም። በአማካይ በየ7 ሳምንቱ ገደማ ስለሚፈካ ታዛቢው ለዓመታት አይጠብቅም። የሚገኘው በሲግነስ ህብረ ኮከብ ውስጥ፣ ዴነብ ከተባለው ደማቅ ኮከብ 11 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ በሰሜን ሰማይ ላይ እስከ 55 ዲግሪ ከፍ ይላል። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ከፍተኛ ቦታው ላይ ስለሚሆን ክረምቱን ሙሉ በደመና ተዘግቶ ለከረመ ታዛቢ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ዩ ጀሚኖረም የበጋ ኮከብ ነው። ያለው ገውዝ በተባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ፣ ከፖሉክስ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ከአናት በላይ ይሆናል ለማለት ይቻላል። በጸጥታው ጊዜ 14 ገደማ፣ ሲፈካ 9 ገደማ ነው። የሚፈካው በአማካይ በ100 ቀን አንድ ጊዜ ቢሆንም አማካዩ ብዙም አያስተማምንም፤ ክፍተቱ ከሁለት ወር እስከ ስምንት ወር ሲደርስ ታይቷል። ኮከቡ ፀሐይ በምትሄድበት መንገድ ላይ ስላለ ሐምሌ ላይ በፀሐይ ብርሃን ይዋጣል። አውሮፓና አሜሪካ ላሉ ታዛቢዎች ይህ የሚያስቆጭ ክፍተት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ያው ጊዜ የዝናብ ስለሆነ የሚቀር ነገር የለም። ጨረቃም በየወሩ በአጠገቡ ታልፋለች፤ በእነዚያ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ደብዛዛ ኮከብ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ካሜራ ላለው ታዛቢ የሚመቸው ዋይ ዚ ካንክሪ ነው። ያለው ሰርጣን በተባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ ሲሆን ሁለቱ ኮከቦች በ125 ደቂቃ ይዟዟራሉ። ብዙ ጊዜ ይፈካል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ከሌላው ጊዜ የበረታና የረዘመ ታላቅ ፍካት ያሳያል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ታዋቂው ቪ ደብሊው ሃይድሪ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ታዛቢዎች ድርሻ ነው። ከአዲስ አበባ ከአድማስ 10 ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ እዚህ አይመከርም። ደብሊው ዚ ሳጂታይ የተባለው ደግሞ በአሥርት ዓመታት አንዴ የሚፈካ ነው። በጸጥታው ጊዜ 15 ስለሚሆን በትንሽ ቴሌስኮፕ አይታይም፤ ሲፈካ ግን 8 ስለሚደርስ ቦታውን በባይኖኩላር አንድ ደቂቃ ቃኝቶ ማለፍ ብቻ በቂ ነው።

መሣሪያ

10 በ50 ባይኖኩላር ጨለማ ሰማይ ላይ እስከ 9 ገደማ ስለሚያሳይ የኤስ ኤስ ሲግኒን ጫፍ ያገኛል። ሙሉውን ዑደት፣ ጸጥታውን ጨምሮ፣ ለመከታተል 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ይበቃል፤ 20 ሳንቲ ሜትሩ ከከተማ ብርሃን ውጪ ዩ ጀሚኖረምን በጸጥታው ጊዜም ሊደርስበት ይችላል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ወንበር፣ ደብተር፣ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ የእጅ ባትሪና ለደጋው ብርድ ጋቢ ነው። ወንበሩ ቅንጦት አይደለም፤ ቆሞ በሚንቀጠቀጥ ሰውነት የሚወሰድ ግምት ተቀምጠው ከሚወስዱት ይከፋል።

ካርታው ከመሣሪያው ያላነሰ ነገር ነው። በ1911 የተቋቋመው የአሜሪካ ተለዋዋጭ ኮከብ ታዛቢዎች ማኅበር ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ኮከብ ካርታ በነጻ ያዘጋጃል። በካርታው ላይ ድምቀታቸው የማይለዋወጥ የማነጻጸሪያ ኮከቦች ከነማግኒቲዩዳቸው ይገኛሉ። ቁጥሮቹ ያለ ነጥብ ስለሚጻፉ 84 ማለት 8.4፣ 112 ማለት 11.2 ነው፤ ነጥቡ የቀረው ኮከብ እንዳይመስል ነው። እያንዳንዱ ካርታ መለያ ቁጥር ስላለው ቁጥሩ ከግምቱ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ከተለያዩ ምንጮች የተገኙ ሁለት ካርታዎችን በአንድ ግምት ማቀላቀል አይገባም።

ግምቱን መውሰድ

ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ቢቻል ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ስልክ ከፍቶ መልእክት ማየት ይህን ሁሉ ያበላሻል፤ ስልክ ከኪስ ባይወጣ ይመረጣል።

ኮከቡ የሚፈለገው በትንሹ ማጉያ ነው። በመጀመሪያ በአካባቢው ያለ ደማቅ ኮከብ ይያዛል፣ ከዚያ በካርታው ላይ እንደ ሦስት ማዕዘን ወይም እንደ ሰንሰለት ያለ ቅርጽ እየተከተሉ ወደ ቦታው መጠጋት ነው። መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ምስሉን ስለሚገለብጥ ካርታውም አብሮ መገልበጥ አለበት፤ በክርን ቧንቧ የሚታይ ሲሆን ደግሞ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በግምቱ ሳይሆን እዚህ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሌላ ኮከብ ለሳምንታት ሲመዘግቡ ይቆያሉ። «ተለዋዋጩ» ኮከብ ለአንድ ወር ከ0.1 በላይ ካልተንቀሳቀሰ ካርታውን ደግሞ ማየት ይገባል።

ቦታው ከተረጋገጠ በኋላ ሁለት የማነጻጸሪያ ኮከቦች ይመረጣሉ፤ አንዱ ከተለዋዋጩ ትንሽ የደመቀ፣ ሌላው ትንሽ የደበዘዘ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ማግኒቲዩድ ብዙ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ታዛቢው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተለዋዋጩ ከደማቁ ወደ ደብዛዛው በሚወስደው መንገድ ምን ያህሉን ሄዷል? ለምሳሌ ደማቁ 9.0፣ ደብዛዛው 9.6 ይሁን። ተለዋዋጩ ወደ ደማቁ ቀርቦ ከመንገዱ ሲሶውን ያህል ብቻ ከራቀ 0.6 ለሦስት ተካፍሎ 0.2 ይሆናል፤ ግምቱም 9.2 ነው። የለመደ ዓይን በ0.1 እና በ0.2 መካከል ባለ ስሕተት ይገምታል። ከ9.2 አልፎ 9.23 ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

ዓይን የራሱ ተንኮል አለው። ሁለት ኮከቦች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ሲታዩ ድምቀታቸው እኩል ቢሆን እንኳ አንዱ በልጦ ሊታይ ይችላል። መፍትሔው ጭንቅላትን ዘንበል አድርጎ ኮከቦቹን የሚያገናኘው መስመር ከሁለቱ ዓይኖች መስመር ጋር ትይዩ እንዲሆን ማድረግ ነው። ደብዛዛ ኮከብ በቀጥታ ሲያዩት ይጠፋል፣ ትንሽ ወደ ጎኑ ሲያዩ ብቅ ይላል፤ እንዲህ የሚታይ ከሆነ የማነጻጸሪያዎቹም በዚያው ዓይነት አስተያየት መታየት አለባቸው። እያንዳንዱን ኮከብ በየተራ ወደ መስኩ መሐል አምጥቶ በአጭሩ ማየትም ከረጅም ትኩረት ይሻላል።

ከሁሉም የከፋው ግን የአእምሮ ተንኮል ነው። ትናንት 8.5 ነበረ፣ እየደበዘዘ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ 8.7 ይሆናል ብሎ ወደ ቴሌስኮፑ የሚሄድ ሰው 8.7 ማየቱ አይቀርም። የትናንቱን ገጽ ሳይገልጡ፣ የሌሎችንም ግምት ሳያዩ መውጣት የሥራው ሕግ ነው። ኮከቡ በበኩሉ ከጠባዩ ሊወጣ ይችላል። ከ1896 ጀምሮ ሲጠና የኖረው ኤስ ኤስ ሲግኒ በ2021 ከለመደው ውጪ ሆኖ በጸጥታ ጊዜውም ከወትሮው ደምቆ፣ የፍካቱም መጠን አንሶ ታየ። በዚያ ጊዜ የሚጠበቀውን የጻፈ ታዛቢ ትልቁን ዜና ራሱ ሰረዘው ማለት ነው።

ኮከቡ ጨርሶ ካልታየ ሥራው አልከሸፈም። በዚያ ሌሊት በመስኩ ውስጥ በእርግጠኝነት የታየው በጣም ደብዛዛ የማነጻጸሪያ ኮከብ 13.2 ከሆነ «ከ13.2 የደበዘዘ» ተብሎ ይመዘገባል። ፍካቱ በየትኛው ሌሊት እንደጀመረ በኋላ የሚታወቀው በእነዚህ ያልታየባቸው ሌሊቶች ነው።

ሰዓቱን መመዝገብ

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ታዛቢ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ ሁለት ቀን አቆጣጠርና ሁለት ሰዓት አቆጣጠር አብረው ስላሉ ግምቱ ልክ ሆኖ ጊዜው ሊሳሳት ይችላል። ምዝገባው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የሌሊቱን የኢትዮጵያ ሰዓት ወደዚያ ለመለወጥ 15 መደመር ይበቃል። ከምሽቱ 3 ሰዓት 18 ሰዓት ይሆናል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 23 ይሆናል። ድምሩ 24 ሲሞላ፣ ማለትም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ፣ 24 ይቀነስና ቀኑ በአንድ ከፍ ይላል።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ከዚህ አልፈው ጁሊያን ቀን የሚባለውን ተከታታይ ቁጥር ይጠቀማሉ። ይህ ቁጥር ወርና ዓመት ሳያውቅ ቀናትን ብቻ ስለሚቆጥር በሁለት ፍካቶች መካከል ያለውን ጊዜ በተራ መቀነስ ያስገኛል። ቁጥሩ የሚለወጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ያ በኢትዮጵያ ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ ሙሉው ሌሊት በአንድ ቁጥር ሥር ያልፋል። ለምሳሌ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2024፣ 18 ሰዓት ነው፤ በጁሊያን ቀን 2460351.25 ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ ያለው 0.25 ከእኩለ ቀን ወዲህ የሄደው ሩብ ቀን ነው። ለዓይን ግምት የደቂቃ ትክክለኛነት ይበቃል። በካሜራ ለሚሠራ ግን የኮምፒውተሩ ሰዓት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከኢንተርኔት ጋር ተስተካክሎ እስከ ሰከንድ ድረስ መታመን አለበት።

የፍካቱ ሌሊት

ኮከቡ ከተለመደው ደምቆ ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ መጠራጠር ነው። ዩ ጀሚኖረምና ዋይ ዚ ካንክሪ ፕላኔቶች በሚመላለሱበት መስመር አካባቢ ስለሆኑ አስትሮይድ በአጠገባቸው ሊያልፍ ይችላል። ቦታው በካርታው ላይ በትክክል ይታያል፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይታያል፤ አስትሮይድ ከሆነ ይንቀሳቀሳል፣ ኮከብ ከሆነ ባለበት ይገኛል። በካሜራ የተያዘ ከሆነ ቢያንስ በሁለት ምስሎች ላይ መታየት አለበት፤ አንድ የተበላሸ ፒክስል ኮከብ ይመስላልና።

ከተረጋገጠ በኋላ መልእክቱ ሳይውል ሳያድር ለታዛቢዎች ማኅበር ይላካል። የፍካቱ መወጣጫ ከቁልቁለቱ በጣም የፈጠነ ነው፤ በዚያ ሌሊት በየግማሽ ሰዓቱ ግምት መውሰድ ይገባል። የመወጣጫው ፍጥነት ራሱ ወሬ ያወራል። ሙቀቱ ከዲስኩ ውጫዊ ጠርዝ ሲነሣ መወጣጫው ገደል ይሆናል፤ ከውስጥ ሲነሣ ደግሞ ዘገም ይላል። ጫፉ ካለፈ በኋላ እንደ ኤስ ኤስ ሲግኒ ላለው በሌሊት አንድ ግምት ይበቃል። የእሱ ፍካቶች አጭርና ረጅም እየሆኑ ይፈራረቃሉ፤ አጭሩ አንድ ሳምንት ያህል ሲቆይ ረጅሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ፈረቃውም አንዳንዴ ይዛባል። ኮከቡ ወደ ጸጥታው ሲመለስ ደብተር መዝጋት ግን ስሕተት ነው። ደብሊው ዚ ሳጂታይ በ2001 ዋናው ፍካት ካበቃ በኋላ 12 ትንንሽ ፍካቶችን አከታትሏል።

በካሜራ የሰዓታት ለውጥን መያዝ

የዓይን ግምት የቀናትን ለውጥ ያሳያል። በአንድ ሌሊት ውስጥ ያለው የ0.1 እና የ0.2 ማግኒቲዩድ መንቀጥቀጥ ግን ካሜራ ይፈልጋል። በጣም የሚፈለገው በታላቅ ፍካት ጊዜ የሚታየው ሱፐርሃምፕ ነው። በዚህ ጊዜ ዲስኩ በጣም ስለሚሰፋ በጠርዙ ያለው ጋዝ ሁለቱ ኮከቦች አንዴ ሲዞሩ እሱ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ይህ ተደጋጋሚ ጉተታ ክቡን ዲስክ ሞላላ ያደርገዋል፤ ሞላላውም ራሱ ቀስ እያለ ይዞራል። በውጤቱ በድምቀት መስመሩ ላይ ከኮከቦቹ ዙር ጥቂት ዘግየት የሚል ጉብታ ይደጋገማል። በቪ ደብሊው ሃይድሪ ላይ የኮከቦቹ ዙር 107 ደቂቃ ሲሆን ጉብታው የሚመጣው በየ110.5 ደቂቃው ነው። ክስተቱ መጀመሪያ የተስተዋለውም በዚሁ ኮከብ፣ በታኅሣሥ 1972 ፍካት ነው። የሁለቱ ጊዜያት ልዩነት 3 በመቶ ያህል ነው፤ ከዚህች 3 በመቶ የሁለቱን ኮከቦች የክብደት ንጽጽር መገመት ይቻላል። በ20 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ከጓሮ ኮከብ መመዘን ማለት ይህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴሌስኮፑ ኮከቡን እየተከተለ በሚዞር መቆሚያ ላይ ይሆናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ዓይነት የማረሚያ ምስሎች ይነሣሉ፤ ክዳኑ ተዘግቶ፣ በዚያው የምስል ርዝመትና የሙቀት መጠን የሚነሡ የጨለማ ምስሎችና አመሻሽ ላይ እኩል ብርሃን ባለው ሰማይ ላይ የሚነሡ የሜዳ ምስሎች። ሁለተኞቹ በመስታወቱና በካሜራው ላይ ያለውን አቧራ ጥላ ያርማሉ፤ በአዲስ አበባ የበጋ አቧራ እነሱን መዝለል አያዋጣም። የእያንዳንዱ ምስል ርዝመት 11 ማግኒቲዩድ ለደረሰ ኮከብ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። ዋናው ነገር ኮከቡም ሆነ ማነጻጸሪያው የካሜራውን ጣሪያ እንዳይነኩ ነው፤ በ16 ቢት ካሜራ ጣሪያው 65,535 ስለሆነ የኮከቡ ደማቅ ፒክስል ከሁለት ሦስተኛው ባያልፍ ይመረጣል። ምስሉ ተከታታይ ሆኖ ቢያንስ ሁለት ጉብታ መያዝ አለበት፤ ይህም ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ኮከቡ ከአድማስ 30 ዲግሪ በታች ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ሥራው ይቆማል። መብራት እንደሚጠፋ ታስቦ ሁሉም ነገር በባትሪ ቢሠራ ይመረጣል፤ በሦስተኛው ሰዓት የተቋረጠ ተከታታይ ምስል ለወቅት ስሌት ብዙ አይጠቅምም።

ምስሎቹ ከታረሙ በኋላ ሶፍትዌሩ የሦስት ኮከቦችን ብርሃን ይለካል፤ የተለዋዋጩን፣ የማነጻጸሪያውንና የመቆጣጠሪያውን። መቆጣጠሪያው ድምቀቱ የማይለዋወጥ ሌላ ኮከብ ነው። ጉብታው 0.2 ማግኒቲዩድ ሆኖ መቆጣጠሪያው በ0.02 ውስጥ ከረጋ ጉብታው እውነተኛ ነው። መቆጣጠሪያውም አብሮ ከወጣና ከወረደ የታየው ስስ ደመና ነው፤ ያ የምስሉ ክፍል ይጣላል።

የጉብታውን ወቅት ለማግኘት የእያንዳንዱ ጫፍ ሰዓት ይመዘገባል። ጥንቃቄ የሚፈልገው በሁለት ሌሊቶች መካከል ያለውን ቁጥር ማወቅ ነው። በአንድ ሌሊት የታየ ጫፍና በማግስቱ የታየ ጫፍ በ1,326 ደቂቃ ቢራራቁ በመካከላቸው 11 ዙር ካለ ወቅቱ 120.5 ደቂቃ፣ 12 ካለ 110.5፣ 13 ካለ 102 ይሆናል። የትኛው ልክ እንደሆነ የሚፈርደው በአንድ ሌሊት ውስጥ በሁለት ተከታታይ ጫፎች መካከል የተለካው ርቀት ነው፤ አራቱን ሰዓት መታገሥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የብዙ ሌሊት ጊዜያት ሲወዳደሩ ምድር በፀሐይ ዙሪያ በመጓዟ ብርሃኑ እስከ 8 ደቂቃ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ስለሚችል ይህም ይታረማል።

ይህን ጥርጣሬ በደንብ የሚያጠፋው ግን የታዛቢዎች በምድር ዙሪያ መሠራጨት ነው። ጃፓን ሊነጋ ሲል ኢትዮጵያ እኩለ ሌሊት ነው፣ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ደግሞ ገና አመሻሽ ላይ አልደረሰም። በዚህ መስመር ላይ ያለ አንድ ቴሌስኮፕ የጃፓኑን መስመር ከአትላንቲክ ማዶው ጋር ያገናኛል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን ያን ያህል መስታወት አያስፈልግም።

ሪፖርቱን መላክ

ለእያንዳንዱ ግምት የሚላከው የኮከቡ ስም፣ ጁሊያን ቀኑ፣ ማግኒቲዩዱ፣ የዋሉት የማነጻጸሪያ ኮከቦች፣ የካርታው መለያ ቁጥርና አጭር ማስታወሻ ነው፤ ጨረቃ ነበረች፣ ስስ ደመና ነበረ፣ ኮከቡ ዝቅ ብሎ ነበር የሚል። በካሜራ ለተሠራ ማጣሪያው ምን እንደሆነ ወይም ያለ ማጣሪያ እንደሆነ ይጨመራል። ግምቱ ከሌሎች ታዛቢዎች በ0.3 ቢርቅ ተመልሶ ማረም አይፈቀድም፤ የተሳሳተው ማን እንደሆነ በዚያን ጊዜ አይታወቅም። የካርታ ስሕተት ከተገኘ ግን ስሕተቱ ተገልጾ ይሰረዛል።

«አልታየም» የሚለውም ሪፖርት ይላካል። በተለይ ለደብሊው ዚ ሳጂታይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበዛው እሱ ነው። ይህ ኮከብ በ1913፣ በ1946፣ በ1978 እና በ2001 ፈክቷል። ክፍተቶቹ 33፣ 32 እና 23 ዓመት ናቸው፤ ከእነዚህ ቁጥሮች ቀጣዩን ሌሊት ማስላት አይቻልም።